ለፈረሰ ጉርብትና ካሳ ከመክፈል በፊት፦ የነዋሪው ስሜትና የኑሮ ልምድ በሰፈር ዲዛይን ውስጥ

ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ ለመወሰን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161፣ ከእርሱ በፊት በነበረው ሕግ ያልታየ አንድ ነገር ይዟል። ከአካባቢያቸው ርቀው እንዲሰፍሩ ለሚደረጉ ተነሺዎች ከቤትና ከንብረት ግምት በተጨማሪ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ እንዲከፈል ይደነግጋል። ሰው ከሰፈሩ ሲነሳ የሚያጣው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አለመሆኑን ሕግ አውጪው በግልጽ መቀበሉ ቀላል እርምጃ አይደለም። ሆኖም ዕውቅናው የመጣው በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ ትስስሩ ከተበጠሰ በኋላ ነው። ካሳ እንዲከፈልበት የተወሰነው ይኸው ትስስር የሰፈሩ ፕላን በሚሳልበት ጠረጴዛ ላይ ቦታ የለውም። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው የነዋሪው ስሜትና የኑሮ ልምድ ከመፍረስ በኋላ የሚተመን ጉዳት ብቻ ሳይሆን፣ ሰፈሩ እንዴት እንደሚሠራ የሚናገር፣ ያለ እርሱም ጥሩ ዲዛይን ሊሠራ የማይችል ዕውቀት መሆኑን ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ዙሪያ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎች ያለ ፕላን በተፈጠሩ ወይም እጅግ በተጎሳቆሉ ሰፈሮች ይኖራሉ። በአዲስ አበባ ጉዳዩ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በከተማዋ ዳርቻ ያለ ፈቃድ የሚሠራው፣ ሕዝቡ «ጨረቃ ቤት» የሚለው ነው። ሁለተኛው መሀል ከተማ ያለው አሮጌ ሰፈር ሲሆን፣ እርሱ በሕግ ዓይን ሕገወጥ አይደለም፤ አብዛኛው ቤት ግን በጭቃና በእንጨት የተሠራ፣ በፕላን ያልተመራና ለዓመታት ያልታደሰ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶችን ለቀበሌ አስረከበ። ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ በመቅረቱ ቀበሌ ቤቶቹን የሚያድስበት ገቢ አልነበረውም፤ ተከራዩም ያለ ፈቃድ እንዳያድስና እንዳይቀጥል ተከልክሏል። ስለዚህ የቤቶቹ እርጅና ብዙ ጊዜ እንደሚባለው የነዋሪው ግድየለሽነት ውጤት አይደለም። ቤቱን የሚወድ ሰው እንዳይጠግነው የሚከለክል አሠራር ለሁለት ትውልድ ያህል ቆይቶ ያመጣው ውጤት ነው።

ክልከላው ቢኖርም ነዋሪው ዲዛይን ማድረጉን አላቆመም። ልጅ ሲወለድ ጣሪያው ሥር ቆጥ ይሠራል፤ ልጅ ሲያገባ ወይም ዘመድ ከገጠር ሲመጣ ጓሮ ላይ ሰርቪስ ቤት ይቀጠላል፤ የመንገዱ ፊት ለንግድ የሚመች ሆኖ ሲገኝ መስኮቱ ወደ ሱቅነት ይለወጣል። ከላይ በተነሳ የአየር ፎቶግራፍ ላይ የተዘበራረቀ ቆርቆሮ ሆኖ የሚታየው ነገር፣ ከውስጥ ሲታይ እያንዳንዱ ማዕዘን ምክንያት ያለው ነው። ማድቤቱ ከበሩ ትይዩ የሆነው እናት እንጀራ እየጋገረች ግቢው ውስጥ የሚጫወተውን ሕፃን እንድታይ ነው። የአንዲት አሮጊት ቤት በር ቀኑን ሙሉ ክፍት የሚሆነው ጎረቤት ሲያልፍ እንዲያያቸውና ካላያቸው እንዲጠይቅ ነው። የግቢው መሀል ባዶ የተተወው ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተከልበት ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው። ይህንን ሁሉ ያቀደ ባለሙያ የለም፤ በብዙ ዓመታት ውስጥ በፍቅር፣ በፍርሃት፣ በችግርና በመተማመን ተገፍቶ የተሠራ ነው። ስሜት የቦታውን ቅርጽ የወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ስሜት ስንል ታዲያ የናፍቆት ዜማ ብቻ ማለታችን አይደለም። የሰፈር ኑሮ ምሬትም አለበት፤ ያንን መደበቅ ነዋሪውን እንደ መናቅ ይቆጠራል። ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው መፀዳጃ ቤት በሌሊት ለመጠቀም የምትፈራ ልጃገረድ ፍርሃት፣ ክረምት ሲገባ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ዕቃ ስታሸጋግር የምታድር እናት ጭንቀት፣ እንግዳ ሲመጣ የሚሰማ ሀፍረት፣ ከስስ ግድግዳ ባሻገር ሁሉም የሚሰማው ጠብ የሚያስከትለው መሸማቀቅ ሁሉ የኑሮ ልምዱ አካል ናቸው። ለዲዛይን ባለሙያ እነዚህ ስሜቶች ከናፍቆቱ እኩል ይጠቅማሉ። የልጃገረዷ ፍርሃት የመብራቱን ቦታ፣ የመፀዳጃውን ርቀትና የበሩን አቅጣጫ ይናገራል። መፀዳጃ ቤቱን ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ብቻ የሚቆጥር ጥናት ግን በሌሊት ማን እንደማይደፍረው አይነግረንም። ሰዎች ስለ አንድ ቦታ የሚሰማቸውን ሲናገሩ፣ ብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ ሊለካ ስለማይችል ነገር መረጃ እየሰጡ ነው።

ይህ ዕውቀት በግማሽ ተሰምቶ በግማሽ ሲቀር ምን እንደሚሆን የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር ያሳያል። መርሐ ግብሩ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ንድፍ አውጪዎቹ ስለ ነዋሪው ባህል ፈጽሞ አላሰቡም ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። ባለ አራት ፎቅ ብሎኮቹ መካከል የጋራ መገልገያ ሕንፃ እንዲኖር አድርገዋል፤ እንጀራ እንዲጋገርበት፣ በግ እንዲታረድበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት፣ ስብሰባና ድግስ እንዲካሄድበት። ሐሳቡ ቅን ነበር። ይሁን እንጂ በብዙ ሳይቶች የጋራ ሕንፃዎቹ ለታሰቡለት አገልግሎት ሳይውሉ ቀርተው ተከራይተዋል፣ ለሌላ ሥራ ውለዋል፣ ወይም ተዘግተው ተቀምጠዋል። ምጣዱ በረንዳ ላይ ወጣ፤ በጉም በዓል ሲመጣ ደረጃ እየወጣ ቤት ውስጥ ወይም ብሎኩ ሥር ይታረዳል።

ለምን ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ወደ አስተዳደር ጉድለት ያዘነብላል። ቁልፉ ማን ዘንድ ነው፣ መብራቱን ማን ይከፍላል፣ ጽዳቱን ማን ይሠራል የሚሉት ጥያቄዎች በእርግጥ እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ከዚያ ሥር ግን ሌላ ምክንያት ያለ ይመስለኛል። ንድፍ አውጪዎቹ የተመለከቱት ተግባሩን እንጂ ተግባሩ የሚከናወንበትን ግንኙነት አልነበረም። በአሮጌው ሰፈር እንጀራ መጋገር ራሱን የቻለ ሥራ አይደለም፤ ልጅ መጠበቅ፣ ቡና ማፍላት፣ ወሬ መለዋወጥ፣ ለሽያጭ የሚወጣውን እንጀራ መቁጠር፣ የግቢውን በር መቃኘት ሁሉ በአንድ ሰዓትና በአንድ ደጅ ይከናወናሉ። መጋገሩ ብቻ ተነጥሎ ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ ሌላ ሕንፃ ውስጥ እንዲካሄድ ሲደረግ፣ ሴትዮዋ ወይ ሕፃኑን ትታ መውረድ ወይ ሊጡን ይዛ ከሕፃኑ ጋር መመላለስ ግድ ይላታል። በረንዳዋ ላይ ምጣድ ስታስቀምጥ የሕንፃውን ሥርዓት እያፈረሰች ሳይሆን፣ ንድፉ ውስጥ ያልገባውን የኑሮዋን ሥርዓት እያስገባች ነው። ከመነሻው ሰፊ የሆነ የጋራ ደጅ በየፎቁ ቢታሰብ፣ ጭስ የሚወጣበት መንገድ ቢኖረው፣ ከሦስትና ከአራት ቤቶች በሮች ቢታይ ኖሮ፣ ወጪው ምናልባት ብዙም ሳይለይ ውጤቱ ሌላ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ዕጣ ነው። የቤት ዕጣ ለፍትሕ ሲባል የተመረጠ ዘዴ ነው፤ ለሴቶች 30 በመቶ ድርሻ መያዙም ብዙ እናቶችን የቤት ባለቤት አድርጓል። ዕጣ ግን ጎረቤትን አያውቅም። በግድግዳ ተጋርተው ለአርባ ዓመት የኖሩ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ ጀሞ፣ ሌላው የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ሲደርሳቸው፣ ቤት እንደ ቤት ተተክቷል፤ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ሀብት ግን ለሁለቱም ጠፍቷል። ይህ ሀብት ገንዘብም ነው። ሥራ የምትሄድ እናት ልጇን ያለ ክፍያ የምታስቀምጥበት፣ ደመወዝ ሲዘገይ ጤፍ በዱቤ የሚገኝበት፣ ሲታመሙ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሰው የሚገኝበት መድን ነው። እድር ደግሞ ከመዋጮና ከድንኳን በላይ ነው፤ የሞትን ሸክም ለብቻ እንዳይሸከሙት የሚያደርግ ተቋም ነው። አባሉ በአራት አቅጣጫ ከተበተነ በኋላ ለቅሶ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ታክሲ የሚቀያይር እድርተኛ መዋጮውን ቢከፍልም ሌሊት አብሮ የሚያድር ሰው መሆኑ ይቀራል።

የዚህ ዓይነቱ ኪሳራ የእኛ አገር ሰው ስስነት እንዳልሆነ የቆየ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ዌስት ኤንድ የተባለው የሠራተኞች ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ «የተጎሳቆለ» ተብሎ ከፈረሰ በኋላ፣ ማርክ ፍሪድ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የተነሱትን ነዋሪዎች አጥንቶ በ1963 ግኝቱን አሳተመ። ከተጠኑት ሴቶች ግማሽ ያህሉ የሚወዱት ሰው የሞተባቸውን የሚመስልና ለወራት፣ በብዙዎቹም ለዓመታት የዘለቀ ሐዘን ታይቶባቸዋል። ይህ የሆነው ብዙዎቹ ወደ ተሻለ ቤት ገብተው ሳለ ነው። ጥናቱ ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በከተማ ፕላን ትምህርት ውስጥም ይታወቃል። በየአገሩ የመልሶ ማልማት ሥራ ግን ይህንን ሐዘን አሁንም እንደ ጊዜያዊ ቅሬታ ይመለከተዋል።

የአዲስ አበባ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ጥያቄውን ይበልጥ አጣዳፊ አድርጎታል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልደታ፣ ቀጥሎ አራት ኪሎ ባሻ ወልዴ ችሎት፣ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ ተነስተዋል። ከካዛንቺስ የተነሱ በርካታ ነዋሪዎች በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ገላን ጉራ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። እዚህ ላይ ካለፈው የተሻለ አንድ ነገር አለ፤ የአንድ አካባቢ ሰዎችን በአንድ መንደር ማስፈር ከዕጣው መበታተን ይሻላል፤ ይህም የነዋሪው ድምፅ በተወሰነ ደረጃ መሰማቱን ያሳያል። ቢሆንም የኑሮ ልምድ ከጎረቤት ጋር ብቻ የተሳሰረ አይደለም። በካዛንቺስ ቆሎ የምትሸጥ፣ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ምሳ የምታበስል፣ በሆቴሎች ልብስ የምታጥብ ሴት ጎረቤቶቿን ይዛ ብትሄድ እንኳ ደንበኞቿን ይዛ መሄድ አትችልም። የእርሷ ሰፈር ከቤቷ ደጅ አንስቶ ደንበኛዋ እስከሚቀመጥበት ቢሮ ድረስ የሚዘልቅ ነበር። ፕላኑ ይህንን ርዝመት የሚያየው ቀኗን ከጠዋት እስከ ማታ አብሮ ከተከተላት ነው።

በሌሎች አገሮች ይህንን ለማድረግ የተሞከሩ ሥራዎች አሉ። በቺሊ ኢኪኬ ከተማ ኪንታ ሞንሮይ በተባለ ቦታ ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ ቤተሰቦች ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል መሀል ከተማ ያለ ፈቃድ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአርክቴክት አሌሃንድሮ አራቬና የሚመራው ኤሌመንታል የተባለ ድርጅት ለመሬት፣ ለመሠረተ ልማትና ለቤት በአንድ ቤተሰብ 7,500 ዶላር ብቻ ተሰጠው። ቤተሰቦቹ ከሥራቸውና ከዘመዶቻቸው እንዲርቁ አልፈለገም፤ በዚህ ገንዘብ ሙሉ ቤት መሥራትም አይቻልም ነበር። ስለዚህ በዚያው ቦታ ላይ የቤቱን ግማሽ፣ ማለትም መዋቅሩን፣ ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያውን፣ ደረጃውን ሠርቶ ቀሪውን ባዶ ግማሽ ለነዋሪው ተወ። ቤተሰቦቹ በራሳቸው አቅምና ጣዕም ሞሉት። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው በዋናነት የውሳኔው ቅደም ተከተል ነው፤ ነዋሪው የትኛውን ነገር ማጣት እንደማይችል ተጠየቀ፣ ከዚያ ገንዘቡ በዚያ ዙሪያ ተደለደለ። ሰርቪስና ቆጥ እየቀጠለ ያደገ የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህንን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረችው ባን ማንኮንግ የተሰኘ መርሐ ግብር ደግሞ ብድሩን ለግለሰብ ሳይሆን ለተደራጀው የሰፈር ማኅበር ይሰጣል፤ ቆጥቦ የተደራጀው ማኅበር መሬቱን ይደራደራል፣ ከአርክቴክቶች ጋር አቀማመጡን ይነድፋል፣ ማን ከማን ጎን እንደሚኖር ይወስናል። በእድርና በእቁብ ለዘመናት ገንዘብና እምነት ሲያስተዳድር ለኖረ ሕዝብ ከዚህ የሚቀርብ አሠራር ማግኘት ይከብዳል። በኮሎምቢያ ሜዴሊን የከተማው ባለሙያዎች ነዋሪዎች፣ ሕፃናት ጭምር፣ ስለ ሰፈራቸው የሚያስታውሱትንና የሚመኙትን የሚስሉበት ዎርክሾፕ አዘጋጅተው የመናፈሻዎችንና የመተላለፊያዎችን ንድፍ ከዚያ ጀምረዋል።

በእኛ አገር ግን ማሳተፍ ሲባል ብዙውን ጊዜ የአዳራሽ ስብሰባ ማለት ነው። የተወሰነው ይገለጻል፣ ጥቂት ሽማግሌዎች ይናገራሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። በአዳራሽ ውስጥ ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ባለሥልጣን ፊት ስለ መፀዳጃ ፍርሃቷ የምትናገር ልጃገረድ አትገኝም። ያንኑ ጥያቄ በግቢያቸው፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት፣ ሴት ባለሙያ ይዞ መጠየቅ ፍጹም የተለየ መልስ ያስገኛል። ከነዋሪዋ ጋር የዕለት መንገዷን መሄድ፣ የቤቷን ንድፍ ራሷ እንድትሥል ማድረግ፣ ማን የማንን ልጅ እንደሚጠብቅና ድንኳን የት እንደሚተከል ካርታ ላይ ማስፈር ረቂቅ ሳይንስ አይደለም። ጊዜና ትዕግሥት የሚጠይቅ ተራ የሙያ ሥራ ነው፤ የአፈር ምርመራ ሳይደረግ መሠረት እንደማይጣል ሁሉ ይህም ሳይደረግ ንድፍ መጽደቅ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

በዚህ መንገድ ላይ ሁለት አደጋዎች አሉ። የመጀመሪያው የአንድን ሰው ስሜት የሰፈሩ ሁሉ አድርጎ መውሰድ ነው። የእድር ዳኛው፣ በተከራይነት የተመዘገበው አባወራ፣ አንድ ክፍል በደባልነት የተከራየው የቀን ሠራተኛ፣ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ፣ ከሰፈሩ ለመውጣት የሚጓጓ ወጣት ስለ አንድ ግቢ የሚሰማቸው አንድ አይደለም። በተለይ ደባሎች ስማቸው በቀበሌ መዝገብ ስለሌለ ተለዋጭ ቤትም ካሳም አያገኙም፤ ሰፈሩ ሲፈርስ የት እንደገቡ የሚጠይቅ የለም። ሁለተኛው አደጋ ፍቅርን ለመቆየት በቂ ምክንያት ማድረግ ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገድሏል። እዚያ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ከቦታው ጋር የኑሮም የዝምድናም ትስስር ነበራቸው፤ ያም ሆኖ ቦታው ለሕይወት አደገኛ ነበር። ሰውን ከአደጋ ማንሳት ግዴታ ነው። የኑሮ ልምድን መስማት መነሳትን ሁሉ መቃወም ማለት አይደለም፤ ማን ከማን ጋር፣ ወዴት፣ ከሥራው ምን ያህል ርቆ እንደሚነሳ ለመወሰን ግን ከእርሱ የተሻለ መነሻ የለም።

ብዙ የማይወራለት ሌላ ስሜት ደግሞ ስጋት ነው። «ይፈርሳል» የሚለው ወሬ አንድ ሰፈር ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም ጣሪያ አይቀይርም፣ ግድግዳ አይለስንም፣ ልጁን ቅርብ ወደሆነው ትምህርት ቤት ለማዛወር አይደፍርም። በ2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ቤቶች ሲፈርሱ የታየው ለቅሶ የንብረት ብቻ አልነበረም፤ ግብር የከፈሉበት፣ መብራትና ውኃ የገባላቸው ሰዎች የነበራቸው እምነት መፍረሱ ነበር። ስጋት ያለበት ሰፈር ራሱን ማደስ ያቆማል፤ ያልታደሰውም ቤት መልሶ ለመፍረሱ ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል። በአንጻሩ ለተወሰኑ ዓመታት አትነሱም የሚል የታመነ ቃል ብቻ፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሳይታደል፣ ብዙ ቤት ያሳድሳል።

አዋጅ 1161 ባለይዞታዎች መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ እንዲመከሩ ሲደነግግ ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀውን ጊዜ አስቀምጧል ማለት ይቻላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ግቢዎችን አንድ በአንድ ማጥናት፣ ደባሎችን መመዝገብ፣ እድሮችን እንደ ተደራዳሪ ማስቀመጥና ንድፉን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ለነዋሪው አሳይቶ ማስተካከል ይቻላል። በኮሪደር ልማቱ ግን ብዙ ተነሺዎች ለመልቀቅ የተሰጣቸው ጊዜ በቀናትና በሳምንታት የሚቆጠር እንደነበር ተናግረዋል። ድንጋጌው የሚናገረው ስለ ባለይዞታዎች በመሆኑም፣ በመሀል ከተማ አብዛኛውን ሕዝብ የያዘው የቀበሌ ቤት ተከራይ በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ያለው ድርሻ በግልጽ አልተቀመጠም። የከተማው አስተዳደር የሚቀጥለውን ሰፈር ከመንካቱ በፊት፣ ያንን ዓመት ለተከራይና ለደባል ጭምር የሚያዳርስ፣ የምክክሩም ውጤት ከንድፉ ጋር ተያይዞ ለሕዝብ እንዲቀርብ የሚያስገድድ መመሪያ ሊያወጣ ይችላል።